ዲዩቲ ላይ እንዳይረሳን፦ ለኢንተርኖች

ዲዩቲ ላይ ያለ (ተረኛ) ኢንተርን፣ ማለትም ሆስፒታል ውስጥ የሚሠለጥን ጀማሪ ሐኪም፣ የሚረሳው ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። ሰው በአንድ ጊዜ ጭንቅላቱ ይዞ ሊሠራባቸው የሚችላቸው አዳዲስ ነገሮች አራት ገደማ ናቸው። ዋርዱ (የተኝቶ ታካሚዎች ክፍሉ) ግን በአንድ ሌሊት ስንቱን ያዛል! እንቅልፍ ማጣት ሲጨመርበት ይብሳል። 17 ሰዓት ሳይተኛ የቆየ ሰው ቅልጥፍናው ሲለካ፣ ደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር ይቀራረባል። ስለዚህ ሌሊት ላይ “አልረሳውም” ያለውን ጭንቅላታችሁን አትመኑት።

መጀመሪያ ጋውን ኪስ የምትገባ አንድ ወረቀት እጠፉ። የአልጋ ቁጥር፣ የሚሠራው፣ ሰዓቱ። “አልጋ 8፣ የፖታሲየም ምርመራ ይደገም፣ 10 ሰዓት።” ጎኑ ላይ ትንሽ ሳጥን ሥሩ። ናሙናው ሲላክ ግማሹን አጥቁሩ፤ ውጤቱን ስታዩ ሙሉውን። ሲደክመን “ተልኳል” እና “አይቼዋለሁ” ይምታቱብናል፤ ግማሽ ሳጥኗ የምትጠቅመው ለዚሁ ነው። የታካሚ ስም አትጻፉ፤ ወረቀቷ ካፌ ልትቀር ትችላለች።

ኦርደር (የሕክምና ትእዛዝ) እየጻፋችሁ ከተጠራችሁ፣ ድንገተኛ ካልሆነ ጨርሳችሁ ሂዱ። ድንገተኛ ከሆነ የት እንዳቆማችሁ ጫር አድርጉ። የመድኃኒት መጠን በቃል አታስሉ፣ በተለይ የሕፃናትን። ክብደቱን ጽፋችሁ በካልኩሌተር አስሉና ለነርሷ ጮክ ብላችሁ አንብቡላት።

ፋታ ከተገኘ ስልኩን ለጓደኛ ሰጥታችሁ 20 ደቂቃ ጋደም በሉ። ስትነሡ ትንሽ መደናበር ስላለ ፊት ታጥባችሁ ጥቂት ቆዩ፣ ከዚያ ኦርደር። ቡና ያነቃል፣ እንቅልፍን ግን አይተካም። የካፌይኑ ግማሽ ከሰውነት እስኪወጣ አምስት ሰዓት ገደማ ስለሚፈጅ፣ ሊነጋ ሲል የሚጠጣው ስኒ የጠዋት እንቅልፋችሁን ይወስዳል።

ርክክብ ላይ በጠና የታመመውን አስቀድሙ። ተረካቢው የሰማውን መልሶ ይንገራችሁ፤ ቢቸኩልም ያዙት። ይህ ልማድ አይ-ፓስ የሚባለው የርክክብ ሥርዓት አካል ነው። ሥርዓቱ በሰሜን አሜሪካ ዘጠኝ ሆስፒታሎች፣ የሕፃናት ሕክምና ሠልጣኞች ላይ ተሞክሮ ነበር። በ2014 እ.ኤ.አ. በወጣው ውጤት የሕክምና ስሕተት በ23 በመቶ ቀንሷል። በእርግጥ የትኛውም ዘዴ ሰውን ከቀን እስከ ማግስቱ የሚያሠራ ፕሮግራምን ደህና አያደርገውም።

ማጥናቱስ? ከዲዩቲ ወጥቶ መጽሐፍ ላይ ማፍጠጥ ትርፉ ድካም ነው። መጀመሪያ ተኙ፤ የሌሊቱን ትምህርት አእምሮ የሚያጸናው በእንቅልፍ ነው። ስትነሡ መጽሐፍ ሳትከፍቱ አንዷን ታካሚ አስታውሱ፦ ምን ብላ መጣች? ምን ታዘዘላት? ለምን? የጎደለባችሁን ብቻ ፈልጋችሁ አንብቡ። ሲኒየሩ ሐኪምም ራውንድ (የታካሚዎች ጉብኝት) ላይ የሚይዛችሁ “ለምን?” የምትለዋ ላይ ነው።