አንጀትን የሚያላላው መርፌ በኮሎኖስኮፒ ጊዜ፦ ለማን እና መቼ ይሰጣል?

የኮሎኖስኮፒ (ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ ትልቁን አንጀት ከውስጥ የማየት ምርመራ) ቀጠሮ የተያዘላቸው ሰዎች ስለ ማደንዘዣው ደጋግመው ይጠይቃሉ፤ አንጀትን ስለሚያላላው መርፌ ግን እምብዛም አይጠይቁም። ሁለቱ የተለያዩ ናቸው። እንደ ሚዳዞላም ያለው መድኃኒት ታካሚውን ሲያረጋጋ፣ ብዙዎቻችን ለሆድ ቁርጠት በቡስኮፓን ስሙ የምናውቀው ሃዮሲን ቡቲልብሮማይድ የሚያረጋጋው አንጀቱን ራሱን ነው።

ትልቁ አንጀት አንድ ሜትር ተኩል ገደማ የሚረዝም፣ ግድግዳው በእጥፋት የተሞላና በየጊዜው የሚኮማተር ነው። ሐኪሙ በስክሪኑ ላይ አንዱን እጥፋት ሲመለከት ግድግዳው በድንገት ይጨማደዳል፤ ከእጥፋቱ ጀርባ ያለች ምስር የምታክል ፖሊፕም (በአንጀት ግድግዳ ላይ የምትበቅል ትንሽ እብጠት) ሳትታይ ልትቀር ትችላለች። መርፌው መኮማተሩን ለጥቂት ደቂቃዎች ያስታግሳል፣ እጥፋቱንም ያሳሳል።

የተለመደው መጠን በደም ሥር የሚሰጥ 20 ሚሊ ግራም ነው። መድኃኒቱ ቶሎ የሚያልፍ በመሆኑ ተመራጩ ሰዓት መሣሪያው ትርፍ አንጀት ወዳለበት የቀኝ ጫፍ ከደረሰ በኋላ፣ ወደ ኋላ መሳብ ከመጀመሩ በፊት ነው፤ ግድግዳው በጥንቃቄ የሚታየው በመመለሻው ላይ ነውና። ሲገባ ቁርጠቱ መንገድ ከዘጋ ግን ቀደም ብሎ ሊሰጥ ይችላል። የሚገኙትን ፖሊፖች ቁጥር ምን ያህል እንደሚጨምር ጥናቶች ስላልተስማሙ፣ መርፌው በሚገባ የጸዳ አንጀትንና ቢያንስ 6 ደቂቃ የሚወስድ የመመለሻ ምርመራን አይተካም።

ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚሻው ለማን እንደማይሰጥ ማወቁ ነው። የልብ ሕመም ወይም የተዛባ የልብ ምት፣ ጠባብ ማዕዘን ግላኮማ (የዓይን ግፊት የሚጨምርበት ሕመም)፣ ሽንት የሚያስቸግር የፕሮስቴት እብጠት ወይም ማያስቴኒያ ግራቪስ (ጡንቻን የሚያደክም ሕመም) ካለብዎት አልጋው ላይ ከተኙ በኋላ ሳይሆን ገና ቀጠሮ ሲያዝልዎት ይናገሩ። የብሪታኒያ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2017 የልብ ሕመምተኞችን በተመለከተ ልዩ ማስጠንቀቂያ ያወጣው ያለ ምክንያት አይደለም። የዓይን ጠብታ የሚጠቀሙ ከሆነ ጠርሙሱን ይዘው ይሂዱ፤ ብዙ ሰው ጠብታን ከመድኃኒት አይቆጥረውምና።

ሃዮሲን ለማይስማማቸው ሰዎች ግሉካጎን አማራጭ ሊሆን ይችላል። ይህ መድኃኒት የደም ስኳርን ከፍ ስለሚያደርግ የስኳር ሕመምተኞች አስቀድመው ማሳወቅ አለባቸው፤ ፊዮክሮሞሳይቶማ የተባለ የአድሬናል ዕጢ እብጠት ላለበት ሰው ደግሞ አይሰጥም።

ከምርመራው በኋላ የአፍ መድረቅ፣ የልብ ምት መፍጠንና የዕይታ መደብዘዝ ሊሰማዎት ይችላል፤ እነዚህ በራሳቸው ያልፋሉ፤ ዕይታዎ እስኪጠራ ግን መኪና አይንዱ። ማስታገሻም ከወሰዱ የዚያን ዕለት ሌላ ሰው ያድርስዎ። ሽንት እንቢ ካለ ወደ ሕክምና ይመለሱ። ዓይንዎ ቀልቶ በኃይል ካመመዎትና ዕይታዎ ከቀነሰ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ፣ ለሚያይዎትም ሐኪም ይህን መርፌ መወጋትዎን ይንገሩ።