የፎቶግራፍ ድረ ገጽ ችግሮች፦ ከምልክቱ ወደ ምክንያቱና ወደ መፍትሄው

ድረ ገጹ ሥራ እንዳላመጣለት የተሰማው ፎቶግራፍ አንሺ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚነካው ዲዛይኑን ነው። ቀለሙን ይቀይራል፣ አዲስ ቴምፕሌት ይገዛል፣ ጋለሪውን አፍርሶ እንደገና ያደራጃል፤ ይህ ሁሉ ሆኖም ስልኩ አይጠራም። ስህተቱ የሚጀምረው ድረ ገጹን በራሱ ኮምፒውተር ላይ ከመመዘኑ ነው፤ ምስሎቹ ቀደም ብለው በብሮውዘሩ ካሽ (ጊዜያዊ ማከማቻ) ውስጥ ተቀምጠዋል፣ ስክሪኑ ሰፊና ቀለሙ የተስተካከለ ነው፣ አድራሻውንም በቃሉ ያውቀዋል። ጎብኚው ከእነዚህ አንዱም የለውም። ስለዚህ ምንም ነገር ከመቀየሩ በፊት ዋይፋዩን አጥፍቶ፣ በስልኩ ብሮውዘር የግል መስኮት ከፍቶ፣ ከፍለጋ ጀምሮ መልእክት እስከ መላክ ያለውን ሂደት እንደ ማንኛውም እንግዳ ሰው ሊያልፍበት ይገባል። ከዚህ በታች ያሉት ችግሮችም የተቀመጡት በአብዛኛው በዚሁ ቅደም ተከተል ነው።

ድረ ገጹ በጎግል ፍለጋ አይገኝም

በቅድሚያ መለየት ያለበት ድረ ገጹ በጎግል መዝገብ ውስጥ ጨርሶ የለም ወይስ አለ ግን ወደ ኋላ ቀርቷል የሚለው ነው። ለዚህም በፍለጋው ሳጥን ውስጥ «ሳይት» የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ፊደል ጽፎ፣ ሁለት ነጥብ (:) አስከትሎ፣ ያለ ክፍተት የድረ ገጹን አድራሻ ማስገባት ይበቃል። ምንም ውጤት ካልመጣ ገጾቹ አልተመዘገቡም ማለት ይቻላል። ዎርድፕሬስ በተባለው የድረ ገጽ መሥሪያ በተሠሩ ድረ ገጾች ላይ የዚህ የተለመደ ምክንያት ከሴቲንግ ሥር ሪዲንግ በሚለው ገጽ ላይ የምትገኝ አንዲት ትንሽ ሳጥን ናት፤ ድረ ገጹ በግንባታ ላይ ሳለ የፍለጋ ሞተሮች እንዳይመዘግቡት ምልክት ይደረግባትና ሥራው ሲጠናቀቅ ምልክቱን የሚያነሳው ሰው አይኖርም። ምልክቱን ካነሱ በኋላ ድረ ገጹን በጎግል ሰርች ኮንሶል አስመዝግቦ ሳይትማፑን (የገጾቹን ዝርዝር የያዘውን ፋይል) ማስገባት ያስፈልጋል። ሰርች ኮንሶል የትኛው ገጽ እንዳልተመዘገበና በምን ምክንያት እንደሆነ በዝርዝር ስለሚያሳይ ከግምት ያድናል። ከዚያ በኋላ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ምዝገባው ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ሊወስድ ይችላል።

ድረ ገጹ ተመዝግቦም የሚገኘው በፎቶግራፍ አንሺው ስም ሲፈለግ ብቻ ከሆነ ምክንያቱ ሌላ ነው። ስሙን የሚያውቅ ሰው ቀድሞውኑ ያውቀዋል፤ አዲስ ደንበኛ የሚፈልገው በአገልግሎቱ ዓይነትና በአካባቢው ነው። ገጾቹ ግን «ሥራዎቼ»፣ «ጋለሪ 1»፣ «ጋለሪ 2» የሚል ርእስ ብቻ ይዘው አርባ ፎቶ ያለ አንድ ዐረፍተ ነገር ከደረደሩ፣ የፍለጋ ሞተሩ የሠርግ ፎቶ ይሁን የምርት ፎቶ ለመለየት የሚይዘው ጽሑፍ አያገኝም። መፍትሄው ለእያንዳንዱ የአገልግሎት ዓይነት የራሱን ገጽ ማዘጋጀት፣ በርእሱ ላይ አገልግሎቱንና የሚሠሩበትን ከተማ በግልጽ መጻፍ፣ ከፎቶዎቹ ጎንም ደንበኞች ደጋግመው ለሚጠይቋቸው ጥያቄዎች መልስ የሚሰጡ ጥቂት አንቀጾችን ማስገባት ነው፤ ቀረጻው ስንት ሰዓት ይወስዳል፣ ፎቶው መቼ ይደርሳል፣ ዝናብ ቢጥል ምን ይደረጋል የመሳሰሉትን።

የምስሉ የራሱ ስምና ገለጻም ቸል ሊባል አይገባም። ከካሜራው እንደወጣ «አይኤምጂ 4523» ተብሎ የተጫነ ፋይል ስለ ራሱ የሚናገረው ነገር የለም። በኦልት ጽሑፉ (ምስሉን በቃላት በሚገልጸው) ቦታ «ሙሽራዋ በመስኮት ብርሃን ቬሏን ስታስተካክል» ተብሎ ቢጻፍ ግን ለፍለጋ ሞተሩም፣ በድምፅ አንባቢ ለሚጠቀም ዓይነ ስውር ጎብኚም ትርጉም ይሰጣል። በየፎቶው ሥር «ምርጥ የሠርግ ፎቶግራፍ አንሺ» እያሉ መደጋገም ጥቅም የለውም፤ እንዲያውም እንደ ማጭበርበር ሊቆጠር ይችላል። ሌላው ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር፣ ጎግል በሲኤስኤስ (የገጹን መልክ በሚወስነው ኮድ) የጀርባ ምስል ሆኖ የገባን ፎቶ በምስል ፍለጋው ውስጥ አለመመዝገቡ ነው፤ ስለዚህ ጋለሪው ፎቶዎቹን በዚህ መንገድ የሚያስገባ ከሆነ በመደበኛው የምስል መለያ መተካት አለበት።

ገጹ ለመከፈት ይዘገያል

በፎቶግራፍ ድረ ገጾች ላይ ከሁሉም በላይ የሚያጋጥመው ይህ ነው፤ መንስኤውም ከሞላ ጎደል አንድ ነው። ባለ 24 ሜጋፒክስል ካሜራ 6000 በ4000 ፒክስል የሆነ ፎቶ ይሰጣል። ይህ በሙሉ ጥራት ወደ ጄፔግ ሲቀየር 10 ሜጋባይት አካባቢ ሊመዝን ስለሚችል፣ ሃያ እንዲህ ያሉ ፎቶዎችን በመነሻ ገጹ ላይ የደረደረ ባለሙያ ጎብኚውን 200 ሜጋባይት እንዲያወርድ እያስገደደው ነው። በስልክ ዳታ የገባ ሰው ይህን አይጠብቅም።

መድኃኒቱ ከላይትሩም ወይም ከሌላ ማቀነባበሪያ ኤክስፖርት ሲደረግ የፎቶውን ረጅም ጎን ከ2048 እስከ 2560 ፒክስል ባለው መወሰን፣ ጥራቱንም 75 ወይም 80 ላይ ማድረግ ነው። በዚህ መጠን አብዛኛው ፎቶ ከአንድ ሜጋባይት በታች ይወርዳል፤ ልዩነቱንም በስክሪን ላይ ለይቶ የሚያይ ጎብኚ እምብዛም ነው። ዌብፒ በተባለው ቅርጽ ቢቀመጥ ደግሞ ክብደቱ የበለጠ ይቀንሳል። በዚህ አጋጣሚ አንድ የቆየ እምነት መታረም አለበት፦ ኤክስፖርት ሲደረግ «72 ዲፒአይ» ብሎ መሙላት ፎቶውን ለድረ ገጽ አያቀልለውም። ይህ በአንድ ኢንች ስንት ነጥብ እንደሚታተም የሚገልጽ ቁጥር ለኅትመት የሚያገለግል ሲሆን ብሮውዘር አይጠቀምበትም፤ 6000 ፒክስል የሆነ ፎቶ 72 ቢባልም 300 ቢባልም ያው 6000 ፒክስል ነው። ዎርድፕሬስ ከ2019 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጀምሮ ከ2560 ፒክስል የሚበልጡ ምስሎችን ራሱ ያሳንሳል፤ ሆኖም ማሳነሱንና ማሾሉን ለሰርቨር ከመተው ፎቶግራፍ አንሺው በዓይኑ እያየ ቢሠራው ይሻላል።

ፎቶዎቹ ቀለው ገጹ አሁንም ከዘገየ ፔጅስፒድ ኢንሳይትስ በተባለው የጎግል መሣሪያ መመርመር ነው። መሣሪያው በገጹ ላይ የሚታየው ትልቁ ነገር በ2.5 ሰከንድ ውስጥ እንዲወጣ ይጠብቃል። እዚህ ላይ ብዙዎችን የሚያሳስተው «ሌዚ ሎዲንግ» የሚባለው ስልት ነው፤ ከስክሪኑ በታች ያሉ ፎቶዎች ጎብኚው ሲደርስባቸው ብቻ እንዲጫኑ ማድረጉ በጣም ጠቃሚ ቢሆንም፣ ከላይ ባለው በመጀመሪያው ትልቅ ፎቶ ላይ ከዋለ ግን ያንኑ ፎቶ ያዘገየዋል። በመነሻ ገጹ ላይ እየተፈራረቁ የሚያልፉ ስላይዶችም ቢቀሩ ይመረጣል፤ ሁለተኛውን ስላይድ የሚጠብቅ ሰው ጥቂት ስለሆነ አንድ ጠንካራ ፎቶ ይበቃል። ገጹ እየተጫነ ሳለ ጽሑፉ ወደ ታች የሚዘል ከሆነ ደግሞ የየምስሉ ስፋትና ቁመት በኮዱ ውስጥ አልተጻፈም ማለት ሊሆን ይችላል።

ቀለሙ ደብዝዟል፣ ወይም ፎቶው ጥርት አይልም

በማቀነባበሪያው ላይ የደመቀው ቀይና አረንጓዴ በድረ ገጹ ላይ ሲገረጣ ፎቶው አዶቢ አርጂቢ ወይም ፕሮፎቶ አርጂቢ በሚባሉት ሰፊ የቀለም ክልሎች ወጥቶ፣ የቀለም ፕሮፋይሉ (ክልሉ የትኛው እንደሆነ የሚናገረው መረጃ) በመንገድ ላይ ተገፎ ሊሆን ይችላል። ብሮውዘሩ ፕሮፋይል ያጣበትን ምስል እንደ ኤስአርጂቢ (የድረ ገጽ መደበኛው ጠባብ ክልል) ስለሚያነበው ሰፊው የቀለም ክልል በጠባቡ መለኪያ ይተረጎማል። ስለዚህ ፎቶው ከመጫኑ በፊት ወደ ኤስአርጂቢ መለወጥ አለበት። በፎቶሾፕ ውስጥ ይህ «ኮንቨርት» በሚለው ትእዛዝ እንጂ «አሳይን» በሚለው አይሠራም፤ ሁለተኛው የቀለሙን ስያሜ ብቻ ይቀይራል።

ፎቶው የደበዘዘው በጥራቱ ከሆነ ደግሞ ሁለት ምክንያቶችን መፈተሽ ይገባል፦ ትንሽ ምስል በትልቅ ቦታ ላይ ተለጥጦ እንደሆነ፣ ወይም አስቀድሞ የተጨመቀን ፋይል ሰርቨሩ እንደገና ጨምቆት እንደሆነ።

በኮምፒውተሬ ላይ የሚታየው ፎቶ ሰርቨር ላይ ጠፋ

አብዛኞቹ ሰርቨሮች በሊኑክስ የሚሠሩ ሲሆን ሊኑክስ የእንግሊዝኛን ትልቅና ትንሽ ፊደል ይለያል። በካሜራው በትልቅ ፊደል የተጻፈው የፋይል ቅጥያ በኮዱ ውስጥ በትንሽ ፊደል ከተጠራ ዊንዶውስ ያልፈዋል፤ ሊኑክስ ግን አያልፈውም። የፋይል ስሞችን ሁሉ በትንሽ ፊደል ያለ ክፍተት መጻፍ ችግሩን ይዘጋዋል።

ሊንኩ በቴሌግራም ወይም በፌስቡክ ሲላክ ፎቶ አያሳይም

የተለመደው ምክንያት ገጹ ኦፕን ግራፍ የሚባለው፣ ሊንኩ ሲላክ የሚታየውን ፎቶ የሚጠቁም የምስል መለያ ስለሌለው ነው። ለእያንዳንዱ ገጽ 1200 በ630 ፒክስል የሆነ አንድ ፎቶ መመደብ ያስፈልጋል። መለያው ገብቶም አሮጌው ፎቶ ከቀጠለ ምክንያቱ የተቀመጠው ካሽ ነው፤ በፌስቡክ ሼሪንግ ዲበገር በተባለው መሣሪያ፣ በቴሌግራም ደግሞ ዌብፔጅቦት በተባለው ቦት በኩል ማደስ ይቻላል።

ጎብኚ አለ፣ የሚጽፍ ግን የለም

ስለ ዋጋና ስለ ስልት ከመጨነቅ በፊት የመገናኛ ቅጹን በራስ መሞከር ይቀድማል። መልእክቱ በስፓም ሣጥን ውስጥ ከተገኘ ወይም ጭራሽ ካልደረሰ፣ ችግሩ ቅጹ የጎብኚውን የኢሜይል አድራሻ በላኪነት ስለሚያስቀምጥ ሊሆን ይችላል፤ ተቀባዩ ሰርቨር ይህን እንደ ማስመሰል ቆጥሮ ይጥለዋል። ላኪው የድረ ገጹ የራሱ ዶሜን አድራሻ መሆን አለበት፤ የጎብኚው አድራሻ የሚገባው በመልስ መስጫው ቦታ ነው። ከዚህ ጋር መልእክቱ ኤስኤምቲፒ በተባለው የኢሜይል መላኪያ ሥርዓት በኩል እንዲላክ ማድረግ፣ ለዶሜኑም ኤስፒኤፍና ዲኪም የተባሉትን፣ ላኪው እውነተኛ መሆኑን የሚያረጋግጡ መዝገቦች መሙላት ያስፈልጋል።

ቅጹ በትክክል እየሠራ ዝምታው ከቀጠለ ግን ችግሩ የምርጫ ነው። ሠርጉ፣ መልክዓ ምድሩ፣ የምግቡ ፎቶና የጎረቤት ድመት በአንድ ጋለሪ ውስጥ ሲደባለቁ ደንበኛው የሚፈልገውን ሥራ ይሠራልኝ ይሆን ብሎ ይጠራጠራል። በየዘርፉ ከሃያ እስከ ሠላሳ ፎቶ ቢቀር፣ ደካማዎቹ ያለ ርኅራኄ ቢወጡ ይበቃል። ዋጋን ሙሉ በሙሉ መደበቅም የሚመከር አይደለም፤ «ከዚህ ጀምሮ» የሚል አንድ መነሻ ቁጥር አቅሙ የማይፈቅድለትን ቀድሞ ያሰናብታል፣ የሚችለውን ግን ለመጻፍ ያደፋፍረዋል። ቅጹ ስም፣ ቀን፣ የሥራ ዓይነትና መገናኛ ከጠየቀ ሌላው በውይይት ይሞላል፤ የመገናኛው ቁልፍም በእያንዳንዱ ገጽ ላይ መታየት አለበት።

ፎቶዎቼ እየተወሰዱ ነው

በቀኝ ቁልፍ ማስቀመጥን የሚከለክል ኮድ ሌባን አያስቆምም፤ ስክሪኑን ፎቶ አንስቶ ይሄዳል። ይልቅ የባለቤትነት ስምና የመገናኛ መረጃ በፎቶው የአይፒቲሲ መስኮች (ከፋይሉ ጋር አብሮ የሚሄድ የጽሑፍ መረጃ) ውስጥ እንዲገባ፣ የሚጫነውም ፎቶ ለኅትመት በማይበቃ መጠን እንዲሆን ማድረግ ይሻላል። በአንጻሩ መወገድ ያለበት የጂፒኤስ መረጃ ነው፤ በደንበኛ ቤት የተነሣ የሕፃን ፎቶ የቤቱን ትክክለኛ ቦታ በውስጡ ይዞ ሊወጣ ይችላል። ላይትሩም ኤክስፖርት ሲያደርግ የቦታ መረጃን ብቻ ለይቶ የሚያስወግድ ምርጫ አለው። ቀደም ሲል የተጫኑት ፎቶዎች ደግሞ በዚሁ ምርጫ እንደገና ወጥተው መተካት ይኖርባቸዋል፤ ሲተኩም በአዲስ የፋይል ስም ይጫኑ፣ አሮጌውም ከሰርቨሩ ይሰረዝ፤ አለበለዚያ ካሽ የያዘው አሮጌ ፋይል መታየቱን ሊቀጥል ይችላል።