የጎረቤት ጋላክሲን የኮከብ ልደት ታሪክ በሶፍትዌር እንዴት እናውጣ?

አንድ ጋላክሲ በየትኛው ዘመን ብዙ ኮከብ እንደወለደ፣ በየትኛው ዘመን ቀዝቀዝ እንዳለ ማወቅ ይቻላል። ብቻ እንደ ማጌላን ደመናዎች ወይም እንደ አንድሮሜዳ ቅርብ ይሁን፤ ኮከቦቹ አንድ በአንድ መለየት አለባቸው። ለዚህ ሥራ ማች እና ስታርፊሽ የተባሉት ሶፍትዌሮች የታወቁ ናቸው። ሁለቱም የየዕድሜውን የኮከብ ስብስብ በሞዴል ይፈጥሩና መረጃው እስኪመስል ድረስ ያደባልቁታል።

የሀብል የጠፈር ቴሌስኮፕ በሁለት ፊልተር ካነሳቸው ምስሎች ጀምሩ። የእያንዳንዱን ኮከብ ድምቀት ዶልፎት በተባለው የመለኪያ ሶፍትዌር ለኩ። ቀለሙን በአግድም፣ ድምቀቱን በቁም አድርጋችሁ ግራፍ ሥሩ። እስከዚህ መመሪያ ማንበብ ይበቃል።

ጣጣው የሚመጣው ቀጥሎ ነው፦ የሰው ሠራሽ ኮከብ ሙከራ። ኮከቦች በተጨናነቁበት ምስል ላይ ደብዛዛው በደማቁ ይዋጣል፤ ሁለቱ ተጣብቀውም እንደ አንድ ይቆጠራሉ። ሶፍትዌሩ ይህ ካልተነገረው የጠፉትን ጭራሽ እንዳልተወለዱ ይቆጥራል። ስለዚህ ድምቀቱንና ቀለሙን የምታውቁትን የውሸት ኮከብ ምስሉ ውስጥ ትከሉ። ከዚያ ያንኑ ዶልፎት፣ ምንም ሳትቀይሩ፣ እንደገና አስኪዱ። በ26 የድምቀት መጠን የተከላችሁት ኮከብ 25.8 ሆኖ ሊወጣ ይችላል፤ የጎረቤቱ ብርሃን ተጨምሮበት ነው (በዚህ መለኪያ ቁጥሩ ሲያንስ ኮከቡ ደማቅ ነው)። ወይም ደብዛው ይጠፋል።

በአንድ ጊዜ ብዙ አትትከሉ፤ የውሸቶቹ ራሳቸው መጨናነቅ ይፈጥራሉ። ምስሉ ሊያሳየው ከሚችለው በታች የደበዘዙትንም ጨምሩ። በድምሩ ብዙ ጊዜ መቶ ሺዎች ያስፈልጋሉ፤ ኮምፒውተሩን ሌሊት እያሠሩ መተኛት ነው። ከሌላ ምስል የተሠራ የሙከራ ሰንጠረዥ ተውሶ መገላገል የሚያምር አቋራጭ ይመስላል። እኔ አልመክርም። የእያንዳንዱ ምስል ጭንቅንቅ የራሱ ነው።

ሶፍትዌሩ ኮከቦቹን የሚመድብባቸውን የዕድሜ ክፍሎች እኩል አትቁረጡ። የ20 ሚሊዮንና የ100 ሚሊዮን ዓመት ኮከቦች ግራፉ ላይ በደንብ ይለያያሉ፤ የ12 እና የ13 ቢሊዮኖቹ ግን መንታ ይመስላሉ። ለወጣቶቹ ጠባብ፣ ለአሮጌዎቹ ሰፊ ክፍል ስጡ። ከ10 ቢሊዮን ዓመት በላይ የሆኑትን በደንብ የሚለየው የግራፉ መታጠፊያ (ያረጁ ኮከቦች ከዋናው መስመር ወጥተው ወደ ግዙፍነት የሚታጠፉበት ቦታ) አንድሮሜዳ ላይ የድምቀት መጠኑ ከ28 ያለፈ ደብዛዛ ነው። ምስላችሁ እዚያ ካልደረሰ ስለ ጥንቱ ዘመን አፍ ሞልቶ መናገር ይቅርባችሁ።

የኮከብ ሞዴሎቹን ፓርሴክ እና ሚስት ከተባሉት ሁለት የሞዴል ስብስቦች ወስዳችሁ ሁለቴ አስኪዱ። የሁለቱ ልዩነት ሶፍትዌሩ ከሚያወጣው የስህተት መጠን ሊበልጥ ይችላል።

ውጤቱ ሲወጣ ከመረጃው ግራፍ ላይ የሞዴሉን ቀንሱና ቀሪውን እዩ። ቀያይ ግዙፍ ኮከቦች በሚከማቹበት ቦታ ትርፍና ጉድለት ጎን ለጎን ከታየ፣ ያስገባችሁት ርቀት ወይም የአቧራ መጠን ልክ ላይሆን ይችላል። ዕድሜውን ከመነካካታችሁ በፊት መጀመሪያ እሱን ፈትሹ።