ጥር ሳይጥላችሁ፦ በሩጫ ወቅት ሳይዝሉ ሰው መምራት እንዴት ይቻላል?

የዛሬ ሦስት ዓመት ነው። የከተራ ዕለት፣ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ የቤቴ በር ተንኳኳ። ስከፍት የእንግዳ ማረፊያችን ጥበቃ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ ቆሟል።

«ጋሼ፣ የመጋዘኑን ቁልፍ።»

አንድ ቤተሰብ ከመንገድ ደክሞ ገብቷል። ክፍል አለ፣ አልጋ አለ፣ አንሶላ የለም። አንሶላው መጋዘን ውስጥ ነው። የመጋዘኑ ቁልፍ ደግሞ እኔ ሱሪ ኪስ ውስጥ። ስልኬ ባትሪ ጨርሶ ስለጠፋ ሰውዬው ከጎንደር ፒያሳ እኔ ሰፈር ድረስ በጨለማ በእግሩ መጥቷል።

ቁልፉን ሰጥቼው ስመለስ ባለቤቴ «አንተ ከሌለህ አንሶላም አይነጠፍም ማለት ነው?» አለችኝ። ሌላ ቀን ቢሆን እስቅ ነበር። ያን ማታ ጮህኩባት። ልጃችን ነቃ። ታማ እኛ ጋ የሰነበተችው እናቴም ከጓዳ «ምን ሆናችሁ?» አለች።

ያን ወር የአሥራ አራት ሠራተኞች አለቃ ነበርኩ። የዕድር ጸሐፊ ነበርኩ። ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጅ አባት፣ የታመመች እናት ልጅ ነበርኩ። የጣለኝ የሥራው ብዛት ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳስበው የጣለኝ ሁሉም ነገር በእኔ ኪስ በኩል ካላለፈ አይሆንም ማለቴ ነው። ከዚያ ወዲህ ጥርን እንዴት እንደማልፈው ልንገራችሁ። ሆቴል ባትመሩም ይሠራል።

1. ድካም ነው ወይስ መንገሽገሽ? ለዩት

ድካም እንቅልፍ ሲያገኝ ይለቃል። መንገሽገሽ ተኝተው ቢነሱም አይለቅም። በርንአውት የሚባለው ይህ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. በጸደቀው የበሽታዎች ምደባው ውስጥ አስገብቶታል። በሽታ ግን አላለውም፤ በአግባቡ ካልተያዘ የሥራ ጭንቀት የሚመጣ ነገር ነው ያለው። ሦስት መልክ አለው፦ አቅም መሟጠጥ፣ ልብ ከሥራው መሸሽና ሥራውን መጥላት፣ የምሠራው ሁሉ ፋይዳ የለውም ብሎ ማሰብ።

ወረቀት ላይ ሲያነቡት ቀላል ነው። ሰው ላይ ሲወጣ እንዲህ ነው። በእንግዳ መቀበያው ሳልፍ ማንም እንዳያናግረኝ የተዘጋ ስልክ ጆሮዬ ላይ ለጥፌ «እሺ፣ እሺ፣ ገባኝ» እያልኩ እሄድ ነበር። እንግዳ ሲመጣ ደስ የሚለኝ ሰውዬ የመኪና ድምፅ ስሰማ «ደግሞ ማን መጣ?» ማለት ጀመርኩ። ወጥ ቤቷ ጨው አልቋል ስትለኝ ደሜ ይፈላል። ጨው ነው እኮ!

የእናንተ ምልክት ሌላ ሊሆን ይችላል። ካላወቃችሁት የትዳር ጓደኛችሁን ወይም አብሯችሁ ብዙ ዓመት የሠራ ሰው ጠይቁ። ወዲያው ይነግሯችኋል። አንዳንዴም ከጠየቃችሁት በላይ።

2. ወቅቱ ሳይደርስ ወረቀት ላይ አውርዱት

የጎንደር ጥር ድንገት የሚመጣ ነገር አይደለም። ታኅሣሥ 29 ገና ነው። ጥር 7 ሥላሴ ነው፤ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ግቢ መቆሚያ ይጠፋል። ጥር 10 ከተራ፣ 11 ጥምቀት፣ 12 ቃና ዘገሊላ። ከዚያ «ተገላገልን» ሲባል ሠርጉ ይከተላል። ጾም እስኪገባ ከተማው የሙሽራ መኪና ጥሩንባ ነው። ይህ አብዛኛው ከዓመት ዓመት አይለወጥም። እኛ ግን በየዓመቱ «ዘንድሮስ ጉድ ሆንን» እንላለን።

የፋሲል ጥምቀተ ባሕር የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ ነው። ውሃው ከቀሃ ወንዝ ነው የሚመጣው። ገንዳው ትልቅ ስለሆነ በከተራ ማለዳ ተነስቶ ልሙላው የሚል የለም፤ አስቀድሞ ነው የሚጀመረው። እኔም ከዚያ ተምሬ ኅዳር 15፣ የገና ጾም ሲገባ፣ አንድ ትልቅ ወረቀት አወጣለሁ።

ወረቀቱ ላይ ሥራና ቤት አይለያዩም። የእናቴ የሐኪም ቀጠሮ፣ የልጁ ክትባት፣ የሮቶ ማጠቢያ ቀን፣ የጄኔሬተር ሰርቪስ፣ የዕድር ስብሰባ፣ ሁሉም እዚያው ገጽ ላይ ይሰፍራሉ። ድሮ ለየብቻ ስጽፋቸው ሁለቱም የሚቻሉ ይመስሉኝ ነበር። አንድ ላይ ስጽፋቸው ጥር 6 ላይ አራት ነገር ተደራርቦ አገኘሁ። ሁለቱን ወደ ታኅሣሥ ሳብኳቸው። አንዱን ለወንድሜ ሰጠሁት። አንዱ ቀረ፤ እስከ ዛሬ የጠየቀኝ የለም።

ትምህርት ቤት የምትመሩ ከሆነ ጥራችሁ ሰኔ ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሒሳብ ክፍል ከሆናችሁም በጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ስለሚዘጋ ያው ነው። ወረቀቱን ሚያዝያ ላይ አውጡት።

3. ቁልፉን ስጡ

«ሥራ አካፍሉ» ሲባል የሚቃወም የለም። የሚያደርገው ግን ጥቂት ነው። እኔ መጀመሪያ የመጋዘኑን ቁልፍ ለእንግዳ ተቀባያችን ሰጥቼ በቀን ስድስት ጊዜ «አንሶላ ስንት ቀረ?» እያልኩ እደውልላት ነበር። ቁልፉ እሷ ጋ ነው፤ ጭንቀቱ ግን እኔ ጋ እንዳለ ነው። እሷም ተሳቀቀች።

በኋላ ሦስት ነገር አደረግን። አንደኛ፣ የገንዘብ ልክ ተውኩላት። እስከ 5,000 ብር ሳትጠይቀኝ ታወጣለች፤ ደረሰኙን በፖስታ ታስቀምጣለች። ሁለተኛ፣ የሚያስደውሉ ነገሮችን ቆጠርናቸው፦ ሰው ከታመመ ወይም ከተጎዳ፣ የእንግዳ ንብረት ከጠፋ፣ ፖሊስ ወይም የመንግሥት ሰው ከመጣ። ሌላውን ሁሉ ራሷ ወስና ጠዋት ትነግረኛለች። ዝርዝሩን በእጅ ጽፈን በመቀበያው መሳቢያ ውስጥ በፕላስተር ለጠፍነው።

ሦስተኛው ልምምድ ነው። ይህን አትዝለሉት። ታኅሣሥ ላይ አንድ ጭር ያለ ማክሰኞ መርጬ ስልኬን ዘግቼ ቀኑን ሙሉ ጠፋሁ። እንደ አጋጣሚ መብራት ሄደ። ለካ የጄኔሬተሩ ናፍጣ የት እንደሚቀመጥ ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም! ሁለት ሰዓት በሻማ ቆዩ። ያ ነገር ጥር 10 ማታ ቢሆን ኖሮ ምን እንደሚፈጠር አስቡት።

አስቸጋሪው ግን ከዚህ በኋላ ነው። ቁልፍ የያዘ ሰው ይሳሳታል። በመጀመሪያው ጥር ልጅቷ ለአንድ ቤተሰብ ሦስት ክፍል በሁለት ክፍል ዋጋ ሰጠች። በጥምቀት! ጠዋት ስትነግረኝ ምላሴ ጫፍ የደረሰውን ዋጥኩት።

«ለምን?» አልኳት ብቻ።

«አባታቸው ሽማግሌ ናቸው ጋሼ፤ በዚያ ሌሊት ሌላ ቤት ፍለጋ ከሚንከራተቱ ብዬ ነው።»

ዝም ብዬ አሰብኩ። ከዚያ መሳቢያውን ከፍተን ዝርዝሩ ላይ አንድ መስመር ጨመርን፦ ቅናሽ ከመቶ እስከ አሥር የአንቺ ነው፣ ከዚያ በላይ ደውይ። በዚያን ቀን ብጮህባት ኖሮ በማግስቱ ስለ ጨው ትደውልልኝ ነበር። ያ ቤተሰብ በዓመቱ ተመልሶ መጣ ብላችሁ ደስ ይላችሁ ነበር፤ አልመጣም። ገንዘቡም ቀረ። ልጅቷ ግን ያን ጥር ለሌላ ነገር አንድ ጊዜም ሳትቀሰቅሰኝ ጨረሰች።

4. እምቢ ማለት ከከበዳችሁ ቀን ስጡ

እኛ ዘንድ «አልችልም» ማለት መጣላት ነው የሚመስለው። አንድ ጥር መግቢያ ላይ አክስቴ ደወሉ። የአጎቴ ልጅ ከሚስቱ ጋር ተኳርፏል፤ ሽማግሌ ሁን ነው ነገሩ። «እትዬ፣ ጥር 22 ከሰዓት መጥቼ ቁጭ ብዬ እሰማለሁ። አሁን ብመጣ ልቤ ሌላ ቦታ ነው። እስከዚያ ሌላ ሰው ካገኙ አልቀየምም» አልኳቸው። ትንሽ ዝም አሉና «ይሁን እንግዲህ» አሉ።

ጥር 15 ገደማ አንድ ጎረቤት አስታርቋቸው አደረ። ደስ አለኝ። እውነቱን ለመናገር ትንሽም ከፋኝ። ያለ እኔም ይሆናል ለካ።

የዕድር ጸሐፊነቱንም እንዲሁ ለስድስት ወር ለምክትሉ አስተላለፍኩ። ኅዳር ላይ፣ በስብሰባ፣ በቃለ ጉባኤ። ለቅሶ ግን ከዚህ ውጪ ነው። ለቅሶ ቀጠሮ አይሰጠውም፣ ይኬዳል።

5. ተረኛ ዝርዝሩ ላይ የራሳችሁን ስም ጻፉ

አለቃ የሠራተኛውን ዕረፍት ያወጣና የራሱን ይረሳል። በከተራ ሌሊት ታቦታቱ ባሕረ ጥምቀቱ ጋ ያድራሉ፤ ሕዝቡም አብሮ ያድራል። ከተማው አይተኛም። እንግዳ ሌሊቱን ሙሉ ይወጣል፣ ይገባል። እኔም አብሬ አድር ነበር፤ በማግስቱ ግን ለማንም የማልጠቅም ዕቃ ነበርኩ። አሁን ዝርዝሩ ላይ ስሜ አለ። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት እስከ ሌሊቱ ዘጠኝ እተኛለሁ፤ ከዚያ ተነስቼ የሌሊቱን ሰው እተካለሁ። ስድስት ሰዓት ሙሉ። ስልኩ ሌላ ክፍል ነው።

ከተራ ገሃድ ነው፤ ብዙዎቻችን ጾመን ነው የምንውለው። ስለዚህ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት በኋላ ማንንም አልገሥጽም። የሚያስቆጣ ነገር ካየሁ ወረቀት ላይ ጽፌ ለማግስቱ አሳድረዋለሁ። ግማሹ በማግስቱ ሳነበው ነገር አይደለም።

ቡናም ሌላው ነው። ድሮ አቦሉን ቆሜ ጨልጬ እሮጣለሁ። አሁን በቀን አንዴ ከሠራተኞቹ ጋር እስከ በረካው እቀመጣለሁ። ደንቡ የወጥ ቤቷ ነው፦ ቶናው እስኪወጣ ሥራ ማውራት ክልክል። ያወራ ሰው በማግስቱ ቡናውን ይቆላል። እኔ ሁለቴ ቆልቻለሁ፣ አንዴም አሳርሬያለሁ።

የቴሌግራም ግሩፖቹን ድምፅ ዝጉ። ይህ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

6. ካለፈ ሐኪም ዘንድ ሂዱ

ከሁለት ሳምንት በላይ እንቅልፍ እምቢ ካለ፣ ምግብ ካስጠላ፣ ምንም ነገር ደስ ካላሰኘ፣ ወይም መኖር ራሱ ከሰለቸ፣ ያ የሥራ ጉዳይ ብቻ ላይሆን ይችላል። ወረቀትና ቡና አይፈታውም። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል። ጸበል የምትጠመቁም ብትሆኑ ሁለቱ አይጣሉም፤ ሐኪሙንም እዩ። መኖር ሰልችቶኛል የሚለው ሐሳብ ከመጣ ግን ሁለት ሳምንት አትጠብቁ፤ ያኔውኑ ለአንድ ሰው ንገሩና አብራችሁ ሂዱ።

7. ሲያልቅ ወዲያው ወደ ሌላ አትግቡ

ጥር 21 የአስተርእዮ ማርያም ነው። በማግስቱ ጠዋት በእግሬ ወደ ቁስቋም እወጣለሁ። እቴጌ ምንትዋብ ያሠራችው ግቢ ፍርስራሹ ከነግርማው አለ፤ እንደ ፋሲል ግቢ ሰው አይበዛበትም። ከዚያ ላይ ከተማውን ቁልቁል እያየሁ ትንሽ እቀመጣለሁ። ከሰዓት አክስቴ ዘንድ እሄዳለሁ፤ ቀጠሮ ቀጠሮ ነው።

ከዚያ ነገሩ ሳይረሳ፣ በዚያው ሳምንት፣ ደብተር ላይ አሰፍረዋለሁ። ሠራተኞቹም እያንዳንዳቸው አንድ ነገር ይጽፋሉ። ኅዳር 15 ትልቁን ወረቀት ሳወጣ መጀመሪያ የማነበው ይህን ነው። ዘንድሮ ጥበቃችን በእርሳስ የጻፈው እንዲህ ይላል፦ «አንሶላ 4 ጎደለ። ትራስ ልብስ ተርፏል። ቁልፉ ቦታው ነበር።»