የእንቁራሪት ድምፅ ስትቀዱ ብርዱንም አብራችሁ ቅዱ

ደብረ ብርሃን፣ በሬሳ ወንዝ ዳር ትናንት ማታ «ቋቋቋ» ያለው እንቁራሪት ዛሬ «ቋ... ቋ... ቋ» ቢል ሌላ ዓይነት ነው ብላችሁ አትቸኩሉ። በስልካችሁ አንድ ደቂቃ ያህል ቅዱ። መጨረሻው ላይ ሰዓቱን፣ ዝናብ መኖሩንና ብርዱን በራሳችሁ ድምፅ ተናገሩ፤ ቴርሞሜትር ካለ ዲግሪውንም ጨምሩ። ከዚያ ብርዳቸው የተቀራረበ ማታዎችን ብቻ አወዳድሩ።

የእንቁራሪት ሰውነት ሙቀት ከአካባቢው ጋር ይወርዳል፣ ይወጣል። ሲበርደው ጡንቻው ይዘገያል፣ ጩኸቱም ይራራቃል። የድምፁን ቅጥነትና ውፍረት በይበልጥ የሚወስነው ግን የሰውነቱ መጠን ነው። ስለዚህ ከፍጥነቱ ይልቅ ቅጥነቱንና ውፍረቱን አድምጡ።

ነፋስ ባለበት ማታ ለመቅዳት አትድከሙ፣ ስልኩ የሚቀዳው የነፋሱን ድምፅ ብቻ ነው። ደረቅና ብርዳማ ሌሊት እንቁራሪቶቹ ዝም ካሉም የሉም ብላችሁ አትመዝግቡ፤ ዝናብ ካባራ በኋላ ተመለሱ።