ልምድ ሳይኖር ሲቪ ሲጻፍ

የምሠራው ሰው ሀብት ክፍል ነው። «ዜሮ ዓመት የሥራ ልምድ» ብለን ማስታወቂያ ባወጣን ማግስት ጠረጴዛዬ በሲቪ ይሞላል። አብዛኛው አንድ ሰው የጻፈው ይመስላል፤ ከአንድ ፎቶ ኮፒ ቤት የወጣ ነዋ! አንዴ የአንዲት አመልካች ሲቪ ግርጌ ላይ፣ «ከላይ የሰፈረው እውነት መሆኑን አረጋግጣለሁ» ከሚለው ሥር የሌላ ሰው ስም አገኘሁ። ፎርማት መዋስ ነውር የለውም። ጽሑፉ ግን የራሳችሁ ይሁን።

መጀመሪያ «ታታሪ፣ በቡድን መሥራት የሚችል፣ ጫና የሚቋቋም» የሚለውን አጥፉት። ሁሉም ስለሚለው ማንም አያነበውም። በቦታው የሠራችሁትን ጻፉ።

የእህቴ ልጅ አካውንቲንግ ጨርሳ ሲቪዋን ስታሳየኝ የልምድ ቦታው ባዶ ነበር። «ምን ሠርቼ አውቃለሁና ልጻፍ?» አለችኝ። በየክረምቱ መርካቶ፣ አባቷ ሱቅ የምትውለው ማን ሆነና! ዕቃ የምትቆጥረው፣ የዱቤ ደብተሩን የምትይዘው እሷ ናት። «አባቴን አግዛለሁ» ማለት ግን አይበቃም። እንዲህ አደረግነው፦ «በጅምላ ጨርቅ መሸጫ የዕለት ሽያጭ መዝግቤያለሁ፤ የዱቤ ደንበኞችን ሒሳብ በኤክሴል ይዤ በየሳምንቱ ከተሰበሰበው ገንዘብ ጋር አመሳክሬያለሁ።» ጀማሪ አካውንታንት ከዚህ በላይ ምን ይጽፋል?

ኢንተርንሺፕም እንደዚያው ነው። ፋይል ስታደራጁ ከከረማችሁ፣ የምን ፋይል? እንዴት አድርጋችሁ? የመመረቂያ ጥናት፣ የክበብ ገንዘብ ያዥነት፣ ሰፈር ውስጥ ልጆች ማስጠናት፣ ሁሉም ይገባል። ያልሠራችሁትን ግን አትጨምሩ። ፒችትሪ (የሒሳብ መያዣ ፕሮግራም) እችላለሁ ያለንን ሰው ኮምፒውተሩ ፊት እናስቀምጠዋለን።

ትምህርት ላይ ብዙ አትድከሙ። ዩኒቨርሲቲው፣ የትምህርት ክፍሉ፣ የተመረቃችሁበት ዓመት ይበቃል። ውጤታችሁ ጥሩ ከሆነ ጻፉት፤ ማስታወቂያው ከጠየቀ ደግሞ ጥሩም ባይሆን ጻፉት። ከ2015 ወዲህ የተመረቃችሁ የመውጫ ፈተና ማለፋችሁን እንዳትረሱ፤ እኔ ቀድሜ የምፈልገው እሱን ነው። የስምንተኛ ክፍል ውጤቱን የሚጽፍም አይጠፋም። ይቅርባችሁ።

ዓመተ ምሕረት ላይ ጠንቀቅ በሉ። ሲቪው በእንግሊዝኛ ከሆነ ቀኑ ሁሉ በፈረንጅ ይሁን። ብዙ ሰው ዝም ብሎ 7 ይደምራል። እሱ የሚሠራው ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ነው፤ ከዚያ ወዲያ 8 ነው የሚደመረው። ሐምሌ 2017 የተመረቀ ሰው 2024 ብሎ ከጻፈ ከዲግሪው ጋር አይገጥምም። ያኔ ፎርጅድ ይሆን እንዴ ብለን መጠርጠር እንጀምራለን። የስማችሁንም የእንግሊዝኛ ፊደል ዲግሪው ላይ እንዳለው አድርጉት።

ሃይማኖት፣ የጋብቻ ሁኔታ፣ ቁመት አያስፈልግም። ከአንድ ገጽ አትለፉ። በኢሜይል ወይም በቴሌግራም ስትልኩት ፒዲኤፍ ይሁን፤ ወርድ ከሆነ እኛ ጋ ሲከፈት ይዘበራረቃል። የፋይሉም ስም የእናንተው ስም ይሁን፣ «ሲቪ አዲሱ የመጨረሻ 2» አይደለም።

ምስክር ብላችሁ የምትጽፉትን ሰው አስቀድማችሁ አስፈቅዱ። አንድ መምህር ጋ ደውዬ «ማናት እሷ?» ብለውኝ ያውቃሉ። ስልክም ሁለት ቁጥር ስጡን፤ አንዱ የቤተሰብ ቢሆን ጥሩ ነው። ለጽሑፍ ፈተና የምንጠራው ደውለን ነው፤ ካልተነሳ ወደሚቀጥለው ስም እናልፋለን።