ከሃያ ዓመት በኋላ ወደ ሞቶክሮስ ውድድር እንዴት እንደሚመለሱ

ሞቶክሮስ፣ ማለትም ዝላይና ኩርባ ባለው የአፈር ሜዳ ላይ የሚደረገውን የሞተር ሳይክል ውድድር፣ ያቆምኩት በ2003 እ.ኤ.አ. ነው። ልጅ ተወለደ፣ ሥራ በዛ፣ ሞተሩ ተሸጠ። ከሃያ ዓመት በኋላ ካሊፎርኒያ ውስጥ ሳን በርናርዲኖ አጠገብ ያለው የግሌን ሄለን ሜዳ ሄጄ አጥሩን ተደግፌ ቆምኩ። የቤንዚንና የረጠበ አፈር ሽታ ሲመጣብኝ ልቤ መታ። በዚያው ሳምንት ሞተር ገዛሁ። ያኔ የሚነግረኝ ሰው ባገኝ ብዬ የምመኘውን ነው የምጽፍላችሁ።

መጀመሪያ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ልባችሁንና ደም ግፊታችሁን ታዩ።

ቀጥሎ ሞተር። እኛ ስንጀምር ሁሉም ማለት ይቻላል ቱ ስትሮክ ነበር፤ ፒስተኑ በየሁለት እንቅስቃሴው አንዴ ኃይል የሚሰጥ ማለት ነው። ፎር ስትሮክ በየአራቱ ነው። ያማሃ በ1998 እ.ኤ.አ. ዋይዜድ 400 ኤፍ የተባለውን ፎር ስትሮክ ካወጣ ወዲህ ግን ሜዳው ቀስ በቀስ ወደ ፎር ስትሮክ ዞሯል። የዛሬ 450 ሲሲ ሞተር ከ50 የፈረስ ጉልበት በላይ አለው። ሻጮች “ለትልቅ ሰው የሚሆነው 450 ነው” ይላሉ። እኔ አልስማማም። ሲደክማችሁ ሞተሩ እናንተን መንዳት ይጀምራል። 250 ፎር ስትሮክ ይበቃል። ያገለገለ ከሆነ ፒስተኑና ፋሻው መቼ እንደተቀየረ ሳትጠይቁ ገንዘብ አታውጡ።

የድሮውን ሄልሜት ጣሉት። ከውጭ ደህና ቢመስልም ከአምስት ዓመት በላይ የቆየ ሄልሜት አይታመንም። ጌጠኛ ጭስ ማውጫ ከመግዛታችሁ በፊት ጥሩ የጉልበት መከላከያ ግዙ።

አሁን ወደ ከባዱ። ስንመለስ ክብደታችን የድሮው አይደለም። እኔ ሳቆም 68 ኪሎ ነበርኩ፣ ስመለስ 84። ሞተሩን የሸጠልኝ ልጅ ቀጭን ነበር፣ የኋላውን ሞላ ለራሱ አስተካክሎታል። እኔ ምንም ሳልነካ ገባሁ። ስቀመጥበት ኋላው ወደ ታች ሰመጠ፣ የፊት ጎማው ቀለለ። በሦስተኛው ዙር ሜዳማ ኩርባ ላይ የፊት ጎማው መሬት አልይዝ አለና ተንሸራተተ። የእጄ አንጓ ተሰበረ። ሦስት ወር ቤት ተቀመጥኩ። ያን ሁሉ ያመጣው የአስራ አምስት ደቂቃ ልኬት አለመሥራቴ ነው።

ልኬቱ እንዲህ ነው። ሞተሩን ማቆሚያ ላይ ስቀሉት፣ የኋላ ጎማው ይንጠልጠል። ከጎማው መሃል ብሎን ቀጥ ብላችሁ ወደ ላይ፣ ፓራፋንጎው ላይ ምልክት አድርጉና ለኩ። 600 ሚሊ ሜትር ነው እንበል። ከዚያ አውርዱት። ሙሉ ልብሳችሁን፣ ቡትና ሄልሜታችሁን ለብሳችሁ ተቀመጡ። ሰው ከፊት ይያዝላችሁ፣ ለእኔ ልጄ ነው የሚይዝልኝ። ሁለት ሦስቴ ጫን ጫን አድርጉትና ያው ቦታ ይለካ። 497 ከሆነ 103 ሚሊ ሜትር ሰምጧል ማለት ነው። ነጂዎች “ሳግ” የሚሉት ይሄንን ነው። ከ100 እስከ 105 መሆን አለበት። የእኔ 128 ነበር። ከበዛ ሞላው ላይ ያለውን ቀለበት አጥብቁ፣ ካነሰ አላሉ።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። ገና ነው። አሁን ከሞተሩ ውረዱና በራሱ ክብደት ብቻ ስንት እንደሚሰምጥ ለኩ። ከ30 እስከ 40 ሚሊ ሜትር ጥሩ ነው። ከዚያ በጣም ካነሰ ሞላው ለእናንተ ለስላሳ ነው። እኔን መጀመሪያ ግራ ገብቶኝ ነበር፤ ትንሽ የሚሰምጥ ሞላ እንዴት ለስላሳ ይሆናል? ነገሩ ወዲህ ነው፦ ለስላሳውን ሞላ የእናንተን ክብደት እንዲሸከም ብላችሁ ከልክ በላይ አጥብቃችሁታል፣ ስለዚህ ማንም ሳይቀመጥበት ይገተራል። ቀለበት ማዞር አያድነውም። ጠንከር ያለ ሞላ ግዙ። የፊቱንም ሞላ አብራችሁ ለባለሙያ አሳዩ።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ላይ ዝላይ ይቅር። አሥር ደቂቃ ንዱ፣ እረፉ፣ እንደገና ግቡ። ክንዳችሁ እንደ ድንጋይ ከጠጠረና ጣታችሁ ፍሬን መያዝ ካቃተው መሪውን አንቃችሁ ይዛችኋል ማለት ነው። በጉልበታችሁ ሞተሩን ጨብጡ፣ እጃችሁን ፈታ አድርጉ። የክንድ ስፖርት ብቻውን ይሄን አይፈታውም፣ ሞክሬዋለሁ።

ውድድር ስትመዘገቡ ከወጣቶቹ ጋር አትግቡ። ከ30፣ ከ40፣ ከ50 ዓመት በላይ ተብሎ የተከፈለ ምድብ አለ። ግሌን ሄለን ላይ በየዓመቱ ኖቬምበር የሚደረገው የአንጋፋዎች የዓለም ውድድርም በዚሁ መልክ ነው። ባንዲራዎቹንም ከልሱ። ቀይ መስቀል ያለበት ነጭ ባንዲራ ካያችሁ የሕክምና ሰዎች ሜዳ ላይ አሉ፤ መዝለልም መቅደምም የለም።

ለመጀመሪያው ውድድር የመነሻው በር ላይ የዳር ቦታ ያዙ። መሃሉ ፈጣን ነው፣ ግን የመጀመሪያው ኩርባ ላይ ሁሉም እዚያው ይከማቻል። በሩ ወድቆ ውድድሩ ሲጀመር ሌሎቹ ይለፉ። እናንተ በሰፊው ዞራችሁ ተከተሏቸው።